አሥራ አንደኛው ቀንበጥ

ሥር አወጣ! ሌላው ሌላው ይቆየን፤ መጀመሪያ ይሄን ስሙልኝ፣ የጥብስ ቅጠሉ ሥር አወጣ! ያውም አንድ አይደለም ሦስት፣ ነጫጭ፣ ቀጫጭን፣ እንደ ተቀቀለ ፓስታ የሚያበሩ። ገሊላ ቅዳሜ ጠዋት ፊቷን እንኳ ሳትታጠብ፣ በአንድ እግሯ የእናቷን በሌላው የራሷን ነጠላ ጫማ አጥልቃ፣ ቢጫው ግማሽ ጀሪካን ፊት ቁጢጥ ብላ ነበር። ልታየው አይደለም የወጣችው፤ ልትጥለው ነው! ሁሉም ደርቀው ስላለቁ አሸዋውን ደፍታ ጀሪካኑን ልትወረውር ነበር። ጥግ ላይ፣ የአጥሩ ቆርቆሮ ሥር ሊገባ ምንም ያልቀረው አንድ ቀንበጥ አየችና ይሄንንም ልንቀለው ብላ ሳብ ስታደርገው እምቢ አለ። ደረቅ እንጨት እምቢ ይላል እንዴ? ደግማ ሳበችው። አሸዋውን ይዞ ተነሳ። ነጩን ነገር ስታይ ትል መስሏት ወረወረችው፤ ወዲያው ተንደርድራ አነሳችው፤ ከዚያ ሰፈሩ እስኪሰማ ጮኸች። አጥሩ ማዶ ሲለፈልፍ የነበረው የአክስቷ የእትዬ በለጡ ሬዲዮ በዚያች ቅጽበት ቀጥ አለ። ሬዲዮ በሰው ጩኸት ለምን ቀጥ ይላል? ገሊላ ያኔ አላሰበችበትም። ደስታ ያደነቁራል እኮ።

አጥሩን ካላወቃችሁ ነገሩ አይገባችሁም። ከሸዋ በር ገበያ ወደ ላይ ወጣ ብሎ ያለው ይሄ ግቢ፣ አያቷ እማማ ሥራዬ በነበረች ጊዜ አንድ ግቢ ነበር፤ አንድ በር፣ አራት ክፍል፣ መሃሉ ላይ ደረት የሚደርስ የጥብስ ቅጠል። ሥጋ የገዛ ጎረቤት ሁሉ «እማማ፣ አንድ ዘለላ» እያለ የሚገባበት፣ ልብስ ሲሰጣበት ልብሱ ሳምንት የሚሸትበት፣ ያ ተክል። እማማ ስትሞት ሁለት ክፍል ለእትዬ በለጡ፣ ሁለት ክፍል ለገሊላ እናት ለትዕግሥት ሆነ። ከዚያ ቆርቆሮ መጣ። ግንበኛው ሽመልስ ገመዱን ከጫፍ ጫፍ ሲወጥረው ገመዱ ተክሉ ወገብ ላይ አረፈ። ሽመልስ ቀና ብሎ፣ «እመቤቶቼ፣ ወይ ወዲህ አንድ ክንድ፣ ወይ ወዲያ አንድ ክንድ ልቀቁልኝ፤ ዞሬው ልሂድ» አለ። ትዕግሥት በሯ ላይ ቆማ «ወደሷ ዙር» አለች። እትዬ በለጡም በሯ ላይ ቆማ «ወደሷ ዙር» አለች። አራት ጊዜ ጠየቀ፣ ወላሂ አራት ጊዜ! ገሊላ መሃል ቆማ አንዴ እናቷን አንዴ አክስቷን እያየች አንገቷን አመማት። በመጨረሻ ሽመልስ፣ «እኔ እንግዲህ ሽማግሌ ሆኜ አልመጣሁም» ብሎ ዶማውን አነሳ። ማታ ላይ እናቷ ስልክ ይዛ ለድሬዳዋው አጎቷ ለሀብተወልድ ስታለቅስ ገሊላ ሰማቻት፤ «በለጡ የእማዬን ተክል አስነቀለችው» ስትል። በለጡ። ለብቻዋ። ገሊላ አፏን ከፈተች፣ መልሳ ዘጋችው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእድሩም፣ ለጸበል ጸዲቁም፣ ለባጃጅ ነጂውም ሳይቀር የሚነገረው እሱ ነው፤ እትዬ በለጡ ደግሞ አንድ ቀን እንኳ መልስ ሰጥታ አታውቅም።

ገሊላ በዚያን ቀን ነው ከተጣለው ቅርንጫፍ በመቀስ አሥር ቀንበጥ የቆረጠችው። ሸዋ በር ቅጠላ ቅጠል የሚሸጡት አዴ ፋጡማ ሙያውን ነገሯት፤ አበባ ያወጣውን ተዪ፣ የታችኛውን ቅጠል ላጪ፣ አሸዋ ላይ ትከዪ፣ ውሃ አታብዢ፣ ከሁሉም በላይ አትነካኪ። አሸዋውን ሽመልስ ከአጥሩ ሥራ ካስተረፈው ዘገነች፤ የተቀደደ ጀሪካን ለሁለት ሰነጠቀች፤ የሃይላንድ ጠርሙስ ቂጡን ቆርጣ ቀንበጦቹ ላይ ደፋች፣ ላብ ላብ እንዲላቸው። ጀሪካኑን አጥሩ ሥር አስጠጋችው፣ የጠዋት ፀሐይ የሚያርፈው እዚያ ስለሆነ። ለእያንዳንዳቸው የትምህርት ስም አወጣችላቸው፤ ፊዚክስ፣ ሒሳብ፣ ኬሚስትሪ፣ እያለች እስከ አማርኛ። እና በየጠዋቱ ሥር አወጣችሁ ወይ እያለች አንድ በአንድ እየነቀለች ታያለች! «አትነካኪ» ተብላ! ግን እንዴት ይቻላል? እዚያ ታች ምን እየሆነ እንደሆነ ሳታዩ እንዴት ትተኛላችሁ? አምስተኛው ቀን ላይ ፊዚክስ ጠቆረ። ሒሳብ የሞተው በውሃ ብዛት ነው፤ ከሁለት ሳምንት ጥም በኋላ ቧንቧው ሲንፎለፎል ሰፈሩ ሁሉ በርሜሉን ሲሞላ፣ ገሊላ በደስታ ሒሳብንና ባዮሎጂን አጥለቀለቀቻቸው። ባለፈው ረቡዕ የመጨረሻው፣ አማርኛ፣ ቅጠሉን አራገፈ። ስለዚህ ዛሬ፣ በሃምሳ ሁለተኛው ቀን፣ እጇ ላይ ያለው ይሄ ባለ ሦስት ሥር ማነው? አሥር ነበሩ፣ አሥሩም ሞተዋል። ተሳስቼ ቆጥሬ ይሆናል አለችና «ስፖርት» ብላ ሰየመችው።

እናቷ ጸጉሯን ግማሽ ተሠርታ ግማሹ እንደቆመ እየሮጠች ወጣች። ሥሩን ስታይ ቀንበጡን ሳይሆን ገሊላን ግንባሯ ላይ ሳመቻት፣ ከዚያ ዓይኗ ሞላ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላ ነገር ፊቷ ላይ መጣ። ነገ እሑድ የእማማ ሥራዬ ሙት ዓመት ነው። ከቅዳሴ በኋላ እድርተኛው፣ ዘመዱ፣ ከድሬዳዋ የሚመጣው ሀብተወልድ፣ ሁሉም መቃብሩ ጋ ይቆማል። «እዚያ ነው የምንተክለው» አለች ትዕግሥት። «በሰው ፊት። እሷም ቆማ እያየች።» እና ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሽንኩርት እየላጠችም፣ ወንበር እየቆጠረችም፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር እየደጋገመች ታጠና ጀመር። «የሰው እጅ የነቀለውን የልጄ እጅ ተከለው።» አንዴ ቀስ ብላ። አንዴ ጮክ ብላ። አንዴ «የሰው እጅ» የሚለው ላይ ወደ ቆርቆሮው ዞራ። ገሊላ መጀመሪያ ደስ አላት፣ የልጄ እጅ መባል ደስ ይላል። ሦስተኛው ላይ ግን ፊቷን ከቆርቆሮው አዞረች። ቤቱ ጠበባት። እናቷ ሁለት ኪሎ ቲማቲምና አንድ ጥሩ የአበባ ማሰሮ ግዢ ብላ ስትልካት፣ ቀንበጡን በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልላ ደረቷ ውስጥ ሸጉጣ ወጣች። ትታው መሄድ አልቻለችማ!

ሸዋ በር ቅዳሜ ቅዳሜ እግር ማሳረፊያ የለውም። ባጃጁ፣ ሚኒባሱ፣ «ድሬ! ድሬ! አንድ ሰው!» የሚለው ረዳት፣ ቲማቲም በሣጥን፣ ብርቱካን በክምር። አዴ ፋጡማ ከገጠሩ ከሶፊ በጠዋት ወርደው ሁሌም የሚቀመጡባት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ ፊታቸው ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ የጥብስ ቅጠል በሣር ታስሮ ተደርድሯል፤ እስሩ ሃያ ብር፣ ለሚያውቁት ሰው ደግሞ ሃያ ብርና አንድ ስድብ። ገሊላ ሰላምታ እንኳ ሳትሰጥ ጨርቁን ፈታችው።

«አዴ ፋጡማ፣ ይዩልኝ! ይዩልኝ!»

«ማሻአላህ! አንቺም በይ፣ በዓይንሽ ትበይዋለሽ። ስንቱን ገድለሽ ነው?»

«አሥር።»

«አቦ፣ ገዳይ ነሽ» አሉና ሳቁ። ከዚያ ቀንበጡን ወደ ዓይናቸው አስጠጉት፣ ታችኛውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት፣ ሳቃቸው ቀስ እያለ ጠፋ። «በምን ነው የቆረጥሽው?»

«በመቀስ።»

«ይሄ መቀስ አላየም፣ ልጄ። ይኸውልሽ ተረከዙ። ወደ ታች ተገንጥሎ ነው፣ ከግንዱ ልጣጭ ይዞ የመጣው። ለዚያ ነው የያዘው። እኔን እንዲህ ያስተማረችኝ ሥራዬ ናት፣ አላህ ይርሐማት። ሶፊ ያለውን ቁጥቋጦዬን ሁሉ በተረከዙ ነው የተከልኩት።» ቀና አሉ። «ልጆቿንስ አስተምራለች?»

ገሊላ ቀንበጡን ተቀብላ በጨርቁ ጠቅልላ ሮጠች። ቲማቲሙን ሳትገዛ! መንገድ ተሻግራ ግማሽ ከሄደች በኋላ ትዝ ብሏት ተመልሳ ገዛች፣ ማሰሮውንም በተጠራላት ዋጋ ሳትከራከር ገዛች፣ ከዚያ እንደገና ሮጠች። እማዬ ናት! እማዬ በድብቅ አንዱን ገንጥላ ተክላለች፣ እኔ እንዳላዝን ብላ! እንዲህ እያለች ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣችው። በር ላይ ስትደርስ ግን ብልጠት መጣላትና ዙሪያ ጥምጥም ጠየቀች፣ እማማ ቀንበጥ ስትተክል እንዴት ነበር የምታደርገው ብላ። ትዕግሥት ቲማቲሙን እያገላበጠች ሳቀች። «እኔ መች አስነክታኝ! እጅሽ እሳት ነው፣ የነካሽው ሁሉ ይደርቃል ትለኝ ነበር። ቆሜ ማየት ነው። በተረከዙ ነበር የምትገነጥለው፣ ቀጭ አድርጋ፤ ያንን የምትችልላት በለጡ ብቻ ነበረች።» የመጨረሻውን ስም ስትጠራ ሳቋ ተቆረጠ፣ ቲማቲሙን አስቀመጠች። «የበሰበሰ ነው የሰጡሽ» አለች፤ ቲማቲሙ ግን ምንም አልነበረበትም።

ገሊላ መቀመጥ አቃታት። ተነሳች፣ ተቀመጠች፣ ውሃ ጠጣች፣ የጠጣችበትን ብርጭቆ ሁለት ጊዜ አጠበች። ማሰሮው ቀዳዳ የለውም፣ ልብሳው ብላ ምስማር ይዛ ወጣች፤ ከዚያ ማሰሮውን ደረጃው ላይ ጥላ በግቢው በር ወጥታ፣ በአጥሩ ጥግ ዞራ፣ ድሮ አምስት እርምጃ የነበረውን መንገድ መቶ እርምጃ ሄዳ የእትዬ በለጡን አዲሱን በር አንኳኳች። ከስንት ሳምንት በኋላ። ክፍሏ ውስጥ በቀን መብራት በርቷል። አጥሩ ከመስኮቷ አንድ ክንድ ተኩል ርቀት ላይ ቆሟል፤ ከዚያ ወዲህ ፀሐይ የሚባል የለም፣ ግድግዳው እንኳን ወዝቷል። መስኮቱ ላይ ስምንት የቲማቲም ድልህ ጣሳ ተደርድሯል። በእያንዳንዱ ውስጥ አንድ አንድ ደረቅ እንጨት። ገሊላ አንዱን ነቅላ አየችው፤ በነቀላ ማን ያክላታል! ተረከዝ አለው። ሁሉም ተረከዝ አላቸው። እትዬ በለጡ አልጋው ጫፍ ላይ ለነገ የምትለብሰውን ጥቁር ቀሚስ ጠርዙን እየሰፋች ነበር። ክሩን በጥርሷ ቆረጠች። ቀኝ የእጅ አንጓዋ ላይ፣ ቆርቆሮ የቧጨረው ረጅም ጠባሳ አለ።

«ያዘ?» አለች።

በቃ፣ ያቺን ብቻ። ገሊላ ራሷን በአዎንታ ነቀነቀች፣ አክስቷም ራሷን ነቀነቀች። ከወዲያ በኩል የትዕግሥት ድምፅ በቆርቆሮው ውስጥ በወንፊት እንደሚያልፍ ያልፋል፤ «የሰው እጅ የነቀለውን የልጄ እጅ...»

«ከጠዋት ጀምራ እሱን ነው የምትለው» አለች እትዬ በለጡ። «መጨረሻው ላይ ድምጿን ታነሳዋለች። ልጅ እያለችም ግጥም ስታነብ እንደዛው ነበረች፣ አስተማሪዋ ሳቁ እስኪያመልጠው።» ራሷም ፈገግ ልትል ነበር።

«እትዬ፣ አንቺ ነሻ! ለምን አልነገርሽኝም?»

«ምን ብዬ? እኔ ጋ ፀሐይ የለም፣ ሰባቱ ደረቁ፣ ስምንተኛውም ሊደርቅ ነበር። ዘጠነኛው ብቻ ዓይኑ አረንጓዴ ነበር። ጎህ ሲቀድ በቆርቆሮው ሥር እጄን ሰድጄ ያንቺ አሸዋ ላይ ሰካሁት። ጥግ ላይ ስለሆነ አታይውም፣ ካላየሽው አትነቅይውም ብዬ።»

«ግን እኮ አንቺ ብቻሽን አይደለሽም ያስነቀልሽው! እኔ ሰምቻለሁ፣ ሽመልስ ሲጠይቃችሁ ሁለታችሁም...»

እትዬ በለጡ መርፌውን ቀሚሱ ላይ ሰካችው። «አውቃለሁ።» መብራቱ ብልጭ ድርግም አለ። «እኔ ታላቅ ነኝ። አንድ ክንድ መልቀቅ የነበረብኝ እኔ ነኝ። ስለዚህ የምትለውን ትበል።» ከዚያ ገሊላን እጇን ያዘቻት፣ መዳፏ ሻካራ ነው፣ የጥብስ ቅጠል ይሸታል። «ከኔ እጅ መሆኑን እንዳትነግሪያት። ከሰማች ትጥለዋለች፤ አውቃታለሁ፣ ስትናደድ የገዛ ጫማዋን ቆሻሻ ውስጥ የከተተች ናት። የመጨረሻው ነው እኮ፣ ገሊዬ። እማዬ ላይ ይተከል እንጂ ማንም ተከለው። ማይልኝ።»

ማለችላት። ምን ታድርግ? ጠባሳውን እያየች፣ ስምንቱን ጣሳ እያየች፣ ማለችላት። ግን በር ላይ ስትደርስ ነው ነገሩ ጭንቅላቷ ውስጥ ተሰካክቶ የቆመው። ነገ እትዬ በለጡ በዚያ ጥቁር ቀሚስ መቃብሩ ጋ ትቆማለች። በገዛ እጇ የገነጠለችው፣ በገዛ እጇ የሰካችው ተክል በሰው ሁሉ ፊት ስድብ ሆኖ ይተከልባታል። እድርተኛው አንገቱን ይነቀንቃል። አጎት ሀብተወልድ ፊቱን ያዞርባታል። ገሊላ ደግሞ መሃል ላይ ቆማ «የልጄ እጅ» እየተባለላት ትመሰገናለች፤ ልክ ያኔ የእናቷን ስልክ ሰምታ አፏን ከፍታ እንደዘጋችው። ዝም ብትል አክስቷ ትዋረዳለች። ብትናገር መሐላው ይፈርሳል፣ ምናልባትም ያቺ የመጨረሻዋ ቅጠል ቆሻሻ ውስጥ ትገባለች፣ ሌላ ደግሞ የለም፣ አሥራ ስምንት ሞተው አንድ የቀረ! መቶውን እርምጃ ሃምሳ አድርጋ ተመለሰች።

አንድ ነገር ብቻ ወሰነች፤ እማዬ ተረከዙን ሳታየው ማሰሮ ውስጥ ይግባ። ካላየች ቢያንስ እስከ ነገ ማሰቢያ ጊዜ ይገኛል። ማሰሮውን በምስማር በሳችው፣ ጠጠር አደረገች፣ አሸዋና አፈር ቀላቀለች፣ ስትቸኩል ጣቷን ሁለት ጊዜ መታች። ቀንበጡን ከጨርቁ አውጥታ ልታወርደው ስትል የእናቷ ጥላ አፈሩ ላይ ወደቀ። ትዕግሥት ጸጉሯን ሙሉ በሙሉ ተሠርታ፣ እጇን በመቀነቷ እየጠረገች ቆማለች።

«ቆይ ቆይ፣ እስቲ አንዴ ደህና አድርጌ ልየው። ነገ ለሰው ስናገር ስንት ሥር እንዳለው እንኳን ልወቅ።»

«እማዬ፣ ሥሩ ንፋስ አይወድም፣ አዴ ፋጡማ...»

«አንድ ደቂቃ ምን ይሆናል?»

ወሰደችው። በሁለት ጣቷ፣ እንደሚሰበር ነገር፣ እጄ እሳት ነው ብላ እንደምትፈራ ሰው። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» ብላ ሥሩን ቆጠረች፣ ሳቀች። ከዚያ ገለበጠችው። አውራ ጣቷ ተረከዙ ላይ ቆመ። ልክ አዴ ፋጡማ እንዳደረጉት ዳሰሰችው፣ አንዴ፣ ደግማ። ሳቁ ፊቷ ላይ እንዳለ ነው፣ ግን ውስጡ ባዶ ሆነ። ወደ ጀሪካኑ አየች። ከጀሪካኑ ወደ ቆርቆሮው ሥር፣ እጅ ወደምታሳልፈዋ ክፍተት። እዚያ ዓይኗ ቆየ። ተናደደች? አዘነች? ገሊላ አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ ያየችው ፊት ነው፣ ማንበብ ግን አቃታት። የቆርቆሮው ማዶ ሬዲዮ ዜና እያነበበ ነበር።

«ገሊላ» አለች ትዕግሥት፣ በጣም ቀስ ብላ። «ይሄን የቆረጥሽው አንቺ ነሽ?»

ሬዲዮው ቀጥ አለ።

አሁን ማዶም ጆሮ ነው፣ እዚህም ጆሮ ነው። ቀንበጡ እናቷ እጅ ላይ ነው፣ ማሰሮው አፉን ከፍቶ ይጠብቃል፣ ሥሩ ንፋስ ላይ ነው፣ በየሰከንዱ ይደርቃል! ገሊላ አፏን ከፈተች። ያኔ ሽመልስ ዶማውን ያነሳ ቀን እንደከፈተችው። ዛሬ ግን መልሳ ልትዘጋው አትችልም፤ ወይ አዎ ትላለች፣ ወይ አይደለሁም ትላለች። ንገሩኝ፣ ቶሎ በሉ፣ እናንተ ብትሆኑ ምን ትሉ ነበር?